«ንፋስ ገብቶበት ነው»፦ ደረት መሃል ስለሚታፈን አየር

የእህቴ ልጅ አስም አለበት። ባለፈው ክረምት ሁለት ቀን ሙሉ ሲያስለው ሰነበተ። በሦስተኛው ቀን ማታ ከሥራ ወጥቼ ሐዋሳ አቶቴ እናቴ ቤት ስደርስ ሶፋው ላይ ትራስ ተደግፎ ቁጭ ብሏል። ድምፁ ተቀይሯል። አፍንጫው እንደተደፈነ ሰው ነው የሚያወራው። አንገቱም ከወትሮው ወፈር ብሏል።

«ምንህን ነው የሚያምህ?» አልኩት።

«እዚህ ጋ፣ አክስቴ» አለና መዳፉን ፍርምባው ላይ አሳረፈ። «ስተነፍስ ይወጋኛል። ስውጥም ያመኛል።»

እናቴ ጓዳ ዝንጅብል እያፈላች ነበር። «ንፋስ ገብቶበት ነው፤ መስኮት ከፍቶ ነው የሚተኛው። እስቲ ቫዝሊን ቀብተሽ እሺው» አለችኝ።

እጄን አንገቱ ላይ ሳደርግ ቆዳው ከሥሩ ክሽክሽ አለ። ደረቅ የቡና ገለፈት በስስ ጨርቅ ጠቅልለው ሲጫኑት እንደሚለው ዓይነት ነው። ጣቴን ትንሽ ፈቀቅ አድርጌ ጫን አልኩ። እዚያም ክሽክሽ። ከአንገቱ ሥር ወዳለው አጥንት ወረድኩ። አሁንም ክሽክሽ። እኔ ነርስ ነኝ። ይህን ነገር ድንገተኛ ክፍል ውስጥ በእጄ አውቀዋለሁ። ማሸቱን ትቼ ባጃጅ ጠራሁ።

እናቴ አልተሳሳተችም። ልጁ እውነትም ንፋስ ገብቶበት ነበር። ንፋሱ ግን በመስኮት አልመጣም። ከገዛ ሳንባው አምልጦ ነው ደረቱ መሃል የገባው። ይህ ነገር ሕክምና ላይ ስም አለው፤ ኒሞሚዲያስቲነም ይባላል። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለሱ ብዙ ሰው ጠይቆኛል። ስለዚህ እንደሚገባኝ አድርጌ ላስረዳ።

ደረታችንን በግራና በቀኝ ሁለቱ ሳንባዎች ይዘውታል። በመሃላቸው ሌላ ክፍል አለ። ከፊት ከፍርምባ ይጀምርና ከኋላ አከርካሪ ላይ ያበቃል። ከላይ ከአንገት ሥር ተነስቶ ደረትንና ሆድን እስከሚለየው ጡንቻ፣ እስከ ድያፍራም፣ ይወርዳል። ሐኪሞች ሚዲያስቲነም የሚሉት ይህንን ነው። ልብ ያለው እዚህ ነው። ትልልቆቹ የደም ሥሮች እዚህ ናቸው። የአየር ቧንቧው እዚህ ያልፋል፣ ከኋላው ደግሞ የምግብ ቧንቧው። በእነዚህ መካከል ያለውን ቦታ ስብና ስስ ሥጋ ሞልቶታል። አየር በአየር ቧንቧው ውስጥ ይመላለሳል እንጂ ከቧንቧው ውጭ በዚህ ሥጋ መሃል መገኘት የለበትም።

ብዙ ሰው ከኒሞቶራክስ ጋር ያምታታዋል። ኒሞቶራክስ አየር በሳንባና በጎድን መካከል ሲገባ ነው። ሳንባውን ይጫነዋል፣ አንዳንዴም በጎን በኩል ቱቦ ገብቶ አየሩ መውጣት አለበት። የኛ ጉዳይ የመሃሉ ነው። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ በአንድ ጊዜ ሊመጡም ይችላሉ።

አሁን ዋናው ነገር ይምጣ። «ደረትህ መሃል አየር አለ» ሲባል ሰው ይደነግጣል፣ አይፈረድበትም፤ ልብ አጠገብ ነው የተባለው። ግን አየሩ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ያን ያህል አይጎዳም። ደም ቀስ በቀስ መጥጦ ይጨርሰዋል። ሐኪሙን የሚያሳስበው አየሩ ከየት እንደመጣ ነው። ከሳንባ ከሆነ አንድ ነገር ነው። ከምግብ ቧንቧ ከሆነ ግን ሌላ፣ በጣም ሌላ ነገር ነው።

ከሳንባ ሲመጣ

ሳንባችን ውስጥ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች አሉ። ግድግዳቸው እጅግ ስስ ነው። ኦክስጅን ወደ ደም የሚያልፈው ስስ ስለሆኑ ነው። ሐዋሳ ላይ ብስክሌት እየነዳን ያደግን ሰዎች ካላማዳሪ እናውቃለን። አንድ ቦታ የሳሳ ካላማዳሪ ሲነፋ እዚያችው የሳሳችው ቦታ ላይ ያብጥና ይፈነዳል። የሳንባ ከረጢትም እንዲሁ ነው። አስም ሲነሳ ትንንሾቹ የአየር መንገዶች ይጠባሉ። አየር ይገባል፣ እንደልቡ ግን አይወጣም። ከረጢቱ እየተነፋ ይሄዳል። በዚህ ላይ ኃይለኛ ሳል ሲጨመር ግፊቱ ባንዴ ያሻቅባል። ከረጢቱ ይሰነጠቃል።

እኔን የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞ ነው። ሳንባ ጫፍ ላይ የወጣ አየር እንዴት ደረት መሃል ይደርሳል? መሬት ውስጥ የተቀበረ የውሃ ቧንቧ ሲፈነዳ አይታችሁ ከሆነ ውሃው ሁልጊዜ በፈነዳበት ቦታ ላይ አይወጣም። ቧንቧውን ተከትሎ ለስላሳውን አፈር እየፈለፈለ ይሄድና ራቅ ብሎ አስፋልት ዳር ብቅ ይላል። ከከረጢቱ የወጣው አየርም የደም ሥሮችንና የአየር ቱቦዎችን ጥግ ጥጋቸውን ይዞ ይጓዛል። እነሱ ሁሉ ወደ መሃል ነው የሚሰበሰቡት፤ መሃል ላይ ደግሞ ግፊቱ ዝቅ ያለ ነው። ስለዚህ አየሩ ወደዚያው ይሳባል። ይህን መንገድ ቻርልስ ማክሊን የተባሉ የካናዳ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1939 በድመት ሳንባ ላይ አሳዩት። በ1944 ከባለቤታቸው ከማጅ ማክሊን ጋር በሰፊው ጻፉበት። እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

አየሩ ደረት መሃል ደርሶ አይቆምም። ከላይ ወደ አንገት የሚወስደው መንገድ ክፍት ነው። ወደ ላይ ይወጣና ከቆዳ ሥር ይበተናል። የልጁ አንገት ያበጠው፣ ድምፁም የተለወጠው ለዚህ ነው። ይህ ለማየት የሚያስፈራ ቢሆንም ለሰውዬው በጎ ነው። አየሩ መውጫ ስላገኘ ልብና የደም ሥሮች ላይ አይታመቅም። መውጫ አጥቶ ልብን የሚያስጨንቅበት ጊዜም አለ፤ አልፎ አልፎ ብቻ ነው የሚያጋጥመው።

ታዲያ ማን ላይ ይመጣል? አስም ያለበት ወጣት ዋነኛው ነው። ግን ሌላም ጤነኛ ሰው ላይ ይመጣል። የነገሩ ሥር ትንፋሽን ይዞ መግፋት ነው። ምጥ ላይ ያለች እናት «ግፊ! ግፊ!» እየተባለች ስትገፋ ሊመጣ ይችላል። ጂም ውስጥ ከአቅም በላይ ክብደት በታፈነ ትንፋሽ ሲነሳ፣ ጥሩምባ በኃይል ሲነፋ፣ ጋንጃ የሚያጨስ ሰው ጭሱን ስቦ ደረቱ ውስጥ አፍኖ ሲይዝ ሊመጣ ይችላል። ጠላቂ ዋናተኛ ትንፋሹን ይዞ ከጥልቅ ውሃ በፍጥነት ሲወጣም እንዲሁ። ውሃው ውስጥ ተጭኖ የነበረው አየር ወደ ላይ ሲመጣ ይለጠጣልና። አብዛኞቹ ወጣት ወንዶች ናቸው፤ ብዙ ጊዜም ቀጭንና ረዘም ያሉ። ምንም ምክንያት ሳይገኝለት የሚቀርም አለ። አደጋም ሆነ ሌላ የታወቀ በሽታ ሳይኖር የሚመጣውን «በራሱ የመጣ» ብለው ይለዩታል።

ልጆች ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛው ትክትክ ነው። ትንፋሽ የሚያሳጣ ሳል ስለሆነ የልጅ ሳንባ ላይ ያን የመሰለ ግፊት ይፈጥራል። ሁለተኛው ቆሎ ነው። ትንሽ ልጅ ቆሎ ወይም ኦቾሎኒ እየበላ ሲስቅ ወይም ሲሮጥ አንዷ ፍሬ በአየር ቧንቧ ትገባለች። መግቢያ ትታ መውጫ ትዘጋለች። አየሩ ከኋላዋ ይታመቃል። ድንገት ትን ብሎት ማሳል የጀመረ ልጅ አንገቱ ካበጠ የሚጠበቅ ነገር የለም፣ ይዞ መሮጥ ነው።

የስኳር ታማሚ ወጣቶችም አሉ። ኢንሱሊን ሲቋረጥ ደም ውስጥ አሲድ ይበዛል። ሰውነት አሲዱን ለማስወጣት በጥልቀትና በፍጥነት ይተነፍሳል፣ ያስመልሳልም። ሁለቱ ተደምረው ከረጢቱን ይሰነጥቃሉ። የሳንባ ቲቢ፣ ኩፍኝና ኮቪድም ሳንባውን አሳስተው በር ይከፍታሉ።

ከምግብ ቧንቧ ሲመጣ

እዚህ ጋ ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ።

እ.ኤ.አ. በ1723 አንድ የሆላንድ የባሕር ኃይል ዋና አዛዥ፣ ባሮን ቫን ቫሰናር፣ ከከባድ ግብዣ በኋላ ሆዳቸው አልመች አላቸው። የሚያስመልስ መድኃኒት ወሰዱ። ሲያስመልሱ በኃይል ታገሉ፣ ከዚያም ከደረታቸው በታች አንድ ነገር እንደተቀደደ ተሰምቷቸው ጮኹ። በማግስቱ ሞቱ። ሐኪማቸው ኸርማን ቡርሃቭ አስከሬኑን ሲከፍት ደረታቸው ውስጥ የበሉት የዳክዬ ጥብስ ሸተተው። የምግብ ቧንቧው ተበጥሶ ነበር። በ1724 ጽፎ አሳተመው፤ በሽታውም በሱ ስም ቀረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኃይል ሲያስመልሰን የሆድ ግፊት ምግቡን ወደ ላይ ይገፋዋል። የላይኛው የጉሮሮ በር ባይከፈት ግፊቱ መሄጃ ያጣል። ያን ጊዜ ቧንቧው በታችኛው ጫፉ፣ አብዛኛውን ጊዜ በግራ በኩል ይቀደዳል። ከሆድ ዕቃ በተለየ ይህ ቧንቧ የሚሸፍነው ጠንካራ የውጭ ሽፋን የለውም። ከቀዳዳው የሚወጣውም አየር ብቻ አይደለም። ምራቅ አለ፣ የጨጓራ አሲድ አለ፣ የተበላ ምግብ አለ፣ ከነጀርሞቹ። ይህ ሁሉ ልብ አጠገብ ይፈሳል። ያመረቅዛል። እዚህ ላይ ሰዓት ይቆጠራል፤ ሕክምናው ከ24 ሰዓት በላይ ሲዘገይ የመዳን ዕድሉ በጣም ይወርዳል።

እኛ አገር ከሁዳዴ 55 ቀን በኋላ የፋሲካ ዕለት ዶሮውም ሥጋውም ቅቤውም አንድ ላይ ሲገባ ሆድ ይቆጣል። ሰው ጣቱን ጉሮሮው ውስጥ ከቶ «ላስወጣውና ይቅለለኝ» ይላል። ሁሉም ይቀደዳል አልልም፤ ብዙ የሚያጋጥም ነገር አይደለም። ግን በኃይል ካስመለሰ በኋላ ወዲያው ከባድ የደረት ወይም የላይኛው ሆድ ሕመም የያዘው ሰው «ጨጓራዬ ነው» ብሎ መተኛት የለበትም። በዚህ ላይ አንገቱ ክሽክሽ ካለ ጉዳዩ ግልጽ ነው። ውሃም ቢሆን አይቅመስ። እያንዳንዷ ጉንጭ በቀዳዳው ታልፋለችና።

ሐዋሳ ሆኜ ስለ ዓሣ አጥንት ካልተናገርኩ ደግሞ ቅር ይለኛል። ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ሄዶ ቆሮሶ ከነአጥንቱ ተጠብሶ በዳጣ ያልበላ እንግዳ አለ? እኛ ልጅ እያለን አጥንቱን በምላስ መለየት ተምረናል። ከሌላ ከተማ የመጣ ሰው ግን እየተጫወተ ይጎርሳል፣ አጥንቱም ይሰነቀራል። ያን ጊዜ ጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሁሉ ሐኪም ይሆናል። «እንጀራ ጠቅልለህ ሳታኝክ ዋጥ!» «ሙዝ ይሻላል!» ይባላል። ልባችሁ ቅን እንደሆነ አውቃለሁ። ግን እባካችሁ ተዉት። አጥንቱ አንዳንዴ ከእንጀራው ጋር ይወርድ ይሆናል። አንዳንዴ ግን እንጀራው መዶሻ፣ አጥንቱ ሚስማር ይሆናል። የምግብ ቧንቧውን ይበሳዋል። በቀዳዳዋ አየርና ምራቅ ወደ ደረት መሃል ይገባሉ። ሰውየው የዚያኑ ዕለት ሰላም መስሎት ያድራል። በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ትኩሳት፣ የአንገት እብጠትና የደረት ውጋት ይዞት ይመጣል። አጥንት ከተሰነቀረ ምንም ሳይበሉ በኢንዶስኮፒ፣ በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቱቦ፣ ማስወጣት ነው የሚሻለው።

ቤት ውስጥ ደግሞ የሪሞትና የሰዓት ክብ ባትሪ አለ። ልጅ ከዋጠውና ምግብ ቧንቧው ውስጥ ከቆመ በ2 ሰዓት ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ማድረስ ይችላል፣ ቆይቶም ይበሳል። በረኪናና ሌሎች የሚያቃጥሉ ፈሳሾችም ቧንቧውን ይጎዳሉ። በለስላሳ ጠርሙስ ገልብጦ ማስቀመጥ ይቅር።

ከውጭ ሲመጣ

ይህን አሳጥረዋለሁ፣ ምክንያቱ ራሱን ይናገራልና። ባጃጅ ተገልብጦ ወይም ሞተር ተጋጭቶ ደረት ሲመታ የአየር ቧንቧው ወይም ሳንባው ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለት ሲወጋ እንዲሁ። ሕክምናውም ራሱ አንዳንዴ ምክንያት ይሆናል። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ መተንፈሻ መሣሪያ አየርን በግፊት ነው የሚያስገባው፤ የታመመ ሳንባ ይህን ላይችል ይችላል። ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ላይ በተለይ ይታያል። ቱቦ ወደ አየር ቧንቧ ሲገባ፣ በኢንዶስኮፒ የጠበበ የምግብ ቧንቧ ሲሰፋ መቧጨር ወይም መበሳት ሊኖር ይችላል።

ብዙ ሰው የማይጠብቀው ግን ጥርስ ነው። የጥርስ መሰርሰሪያው በታመቀ አየር የሚሽከረከር ከሆነ፣ የታችኛው መንጋጋ ጥርስ ሲወጣ አየሩ በድድ ሥር ገብቶ በአንገት በኩል እስከ ደረት መሃል ሊወርድ ይችላል። ጥርሱን ተነቅሎ ፊቱ ወዲያው ያበጠ ሰው «አለርጂ ነው» ይባላል። ልዩነቱን ጣት ያውቀዋል። የአለርጂ እብጠት ሲጫኑት ዝም ይላል። የአየሩ ይንኮሻኮሻል።

የተበሳ አንጀት አየርም ከሆድ ተነስቶ ወደ ላይ ሊወጣ ይችላል። አየር የሚያመነጩ ጀርሞችም አልፎ አልፎ ደረት መሃል ውስጥ ራሳቸው ይፈጥሩታል።

ሆስፒታል ውስጥ

ልጁን ያየው ሐኪም መጀመሪያ የጠየቀው «ምን እያደረግክ ነበር የጀመረህ?» ብሎ ነው። ቀጥሎ «አስመልሶሃል?» አለው። አላስመለሰውም፤ ሲያስለው ነበር። ይህች መልስ ግማሽ ምርመራ ናት። ስለዚህ ከወረዳ ሪፈር ተጽፎላችሁ ስትመጡም ቅደም ተከተሉን አትርሱት። ሳሉ ቀደመ ወይስ ሕመሙ? ማስመለሱ ቀደመ ወይስ ውጋቱ?

ከዚያ በማዳመጫው በግራ ጎኑ አስተኝቶ ሰማው። በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ የነበሩት ሉዊስ ሀማን እ.ኤ.አ. በ1939 የጻፉት ምልክት አለ። ልብ በመታች ቁጥር አብሮ የሚሰማ የመሰባበር ድምፅ ነው። ከትንፋሽ ጋር ሳይሆን ከልብ ምት ጋር ነው የሚሄደው። ሁሉም ሰው ላይ ግን አይሰማም።

ራጅ ተነሳ። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መብራቱ አንስቶ አሳየኝ። በልቡ ግራ ጠርዝ፣ በእርሳስ የተሰመረች የመሰለች ቀጭን ጥቁር መስመር አለች። እሷ ናት አየሩ። አንገቱ ላይ ደግሞ ጥቋቁር ጭረቶች አሉ። አንዳንዴ አየሩ ከልብ ሥር ይገባና ድያፍራሙ ከግራ እስከ ቀኝ ሳይቋረጥ እንደ አንድ መስመር ይታያል። ትንሽ አየር ግን ራጅ ላይ ሊያመልጥ ይችላል። ያኔ ሲቲ ስካን ነው የሚለየው። የምግብ ቧንቧ ከተጠረጠረ ራጅ ላይ የሚታይ ፈሳሽ አስውጠው ያፈስ እንደሆነ ያያሉ።

ሕክምናው እናቴን አላረካትም። መርፌ የለም፣ ቱቦ የለም፣ ቀዶ ጥገና የለም። ለአስሙ የሚተነፈስ መድኃኒት፣ ማስታገሻ፣ ሳሉን የሚያበርድ፣ ዕረፍት፣ ኦክስጅን። «ታዲያ አየሩን አያወጡለትም እንዴ?» አለች። ኦክስጅኑ ራሱ ያግዛል። የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው፣ የታፈነውም አየር እንዲሁ። ንጹህ ኦክስጅን ስንተነፍስ ደማችን ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ይቀንሳል። ያን ጊዜ የታፈነው አየር ቶሎ ወደ ደም ይመጠጣል። እናቴ ይህ ሲገባት «እንግዲያው አፍህ ላይ ያለውን እንዳታወልቅ» ብላ አጠገቡ ቁጭ አለች።

በምግብ ቧንቧ የመጣ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። ምግብና ውሃ ይከለከላል፣ በደም ሥር ጀርም ማጥፊያ ይሰጣል፣ ቀዳዳው በቀዶ ጥገና በክር ተሰፍቶ ወይም በሌላ መንገድ ይዘጋል፣ የፈሰሰው ይቀዳል።

ቤት ውስጥ የማይደረጉትን ደግሞ ልናገር። አንገት ካንኮሻኮሸ አይታሽ። ዋግምት አይደረግ። አፍንጫና አፍ አፍኖ «ጆሮዬን ልክፈት» እያሉ መንፋት አይገባም፣ ፊኛም አይነፋ። ሆድ ድርቀት ካለ ማማጥ ስለሚመጣ ብዙ ውሃና አትክልት ይወሰድ፤ ይህን የምለው ግን መብላት ለተፈቀደለት ነው። አውሮፕላን ሐኪም እስኪፈቅድ ይቆይ፤ ከፍታ ላይ ግፊት ሲቀንስ የታፈነ አየር ይሰፋል።

ልጁ ሆስፒታል ሁለት ሌሊት አደረ። ክትትል የተፈለገው ትኩሳት እንዳይመጣ፣ ትንፋሹም እንዳይባባስ ነው። አብዛኛው ሰው ከጥቂት ቀናት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ይሻለዋል፣ ተመልሶ የሚይዘውም ጥቂቱን ነው። እናቴ በየጠዋቱ አንገቱን በሁለት ጣቷ ትነካ ነበር። በአምስተኛው ቀን «ጥግ ላይ ትንሽ ቀርታለች» አለችኝ። በስምንተኛው ቀን ዝም አለ። ድጋሚ ራጅ ሲነሳ መስመሯ የለችም።

ልጁ ሐኪሙን የጠየቀው «ጂም መቼ ልመለስ?» ብሎ ነው። ሐኪሙ ኢንሄለሩን አወጣና «ይቺን እንዴት ነው የምትስባት? አሳየኝ» አለው። አሳየው። ተጭኖ ወዲያው ነው የሚተነፍሳት፤ ግማሹ መድኃኒት አፉ ውስጥ ቀርቶ ነበር። ሐኪሙ ከባዶ ሃይላንድ ጠርሙስ ቀዳዳ አበጅቶ ማጠራቀሚያ እንዴት እንደሚሠራ አሳየው። እንዲህ ባለ ጠርሙስ በኩል፣ በቀስታ፣ እስከ አስር ቆጥሮ። አራት ጊዜ አስደገመው። ከዚያ «ይህን ሳትስት አንድ ወር ከቆየህ ና፣ ስለ ጂሙ እናወራለን» አለው።